በደሴቱ ላይ የቆሙት ሶስት እንሰቶች

ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ባለው አገር እኔን የሚያክል ፎቶ አንሺ የለም። ይሄን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፤ ሌላ ፎቶ አንሺ ስለሌለ ነው። አንድ ሰውዬ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲያነሳ አናት ይቆርጣል። ሰው ሁሉ ፎቶው ላይ አንገቱ ጋ እያለቀ ሲያስቸግር ወደኔ መጣ። እኔ አናት ቆርጬ አላውቅም። እግር አልፎ አልፎ ይቀርብኛል፣ ግን እግር ምን ይሰራል? ፎቶ አይሄድ።

የተማርኩት እስከ ሶስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ ትምህርቱ እኔን አልቻለኝም። አዲሳባ ሄጄ አንድ ፎቶ ቤት ወለል እየጠረግኩ፣ የእጥበት ውሃ እየደፋሁ ሙያውን በዓይኔ ሰረቅኩ። በዓይኑ የሰረቀን ሰው ፖሊስ አይዘውም። አንድ ቀን የፎቶ ቤቱ ጌታ ከሰው ጀርባ የሚሰቀለውን መጋረጃ ቀየረ። አዲሱ የእብነ በረድ ደረጃ የተሳለበት ነው። አሮጌውን "ውሰድና ጣለው" አለኝ። ጣልኩት። የጣልኩት ግን እኔ መኝታ ላይ ነው። አንድ አሮጌ የሣጥን ካሜራም ነበረች፣ ባለ ሶስት እግር፣ ከኋላዋ ጥቁር እጅጌ የተሰፋላት። እጄን በእጅጌው አስገብቼ ወረቀቱን እዚያው ሆዷ ውስጥ አጥባለሁ፤ ሰውዬው ቆሞ ሳይደክመው መልኩን እሰጠዋለሁ። እሷንም ለምኜ ወሰድኩና ወደ አገሬ ገባሁ።

መጋረጃውን ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ከሱ ነው። ሰፊ አቡጀዴ ነው። ሰዓሊው ከአንድ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ እያየ ደሴት ስሎበታል። ሰማያዊ ባህር፣ ነጭ አሸዋ፣ አንዲት የሳንቃ ቤት፣ የታሰረች ጀልባ፣ ቅርጫት በራሷ የተሸከመች ሴት። ባህሩ ዳር ደግሞ ሶስት የኮኮናት ዛፎች። ግንዳቸው ቀጭን ነው፣ ወደ ውሃው አዘንብሏል፣ ቅጠላቸው ያለው አናታቸው ላይ ብቻ ነው። እነዚህን ሶስት ዛፎች ያዙልኝ።

የት አገር እንደሆነ የነገረኝ ቡታጅራ ያለ አንድ አስተማሪ ነው። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ መጋረጃውን ሲያይ መነጽሩን አስተካከለ።

"ይሄ የካሪቢያን ደሴት ነው" አለ።

"ነው እንጂ" አልኩት። ስሙን ያኔ መስማቴ ነው። "ለመሆኑ አንተ በየት በኩል ነው የምታውቀው?"

"በካርታ ነው። ከአሜሪካ በታች ባህር ውስጥ የተበተኑ ደሴቶች ናቸው።"

"እኔ በእግሬ ነው የማውቀው" አልኩት። በሳምንቱ እዚያ አገር አንድ ክረምት ከርሜ ነበር። በወሩ ሁለት ዓመት ኖሬ ነበር። ከአሰብ በመርከብ ሄጄ፣ ፎቶውን እዚያው አንስቼ፣ በትልቁ አሳጥቤ ጨርቅ ላይ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰውም ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። የጠየቀን ዝም ማለት ነውር ነው።

ግን እውነቱን ብነግራችሁ ያንን ደሴት ያገኘሁት እኔ አይደለሁም፤ የቡታጅራ ገበያተኛ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳየው ያላየሁትን እነሱ አንዴ ቁጭ ብለው ያዩታል። አንድ የማረቆ በርበሬ ነጋዴ ከቆሼ መጥቶ ሊነሳ ተቀመጠ። ዞሮ መጋረጃውን ሲያጠና ቆየና፣

"ሰዎቹ ምን ይበላሉ?" አለኝ።

"ዓሳ።"

"በምን?"

"በምን ማለት?"

"ዓሳውን በምን ይበሉታል? በርበሬ የታለ? አንድ ማሳ አይታየኝም እኮ።"

"በርበሬ የላቸውም፣ ሐጂ።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ!" ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ ተነስቶ ሄደ። ሀሳቡን የለወጠ መስሎኝ ካሜራዬን ልከድን ስል አንድ ጆንያ በርበሬ ተሸክሞ ተመለሰ። ጆንያውን አጠገቡ አቆመና፣ "በል አሁን አንሳኝ። የሚያየን ሰው እንኳ ወገን ደርሶላቸዋል ይበል" አለ።

አንዲት ሴት ልትነሳ ስትል ጫማዋን አወለቀች። ለምን ስላት "ውሃው ቅርብ ነው" አለች። የአገር ግዛቱ ጸሐፊ ደግሞ መጋረጃውን እንደ ተከሳሽ አቁሞ መረመረው። መሬቱ የማን ነው? የመንግስት ነው? የባላባት ነው? ጭሰኛ አለው? ግብር የሚሰበስብለት ማነው? አላውቅም ስለው "እንዲህ ያለ መሬት ባለቤት ከሌለውማ ለጉዳዩ ማመልከቻ መጻፍ ያስፈልጋል" አለ። የሳቀ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልሳቀም። ያን ቀን ደሴቱ ካሪቢያን በመሆኑ እግዜርን አመሰገንኩ። ቡታጅራ ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ለአንድ ደጃዝማች ይሰጥ ነበር።

የኔ ትልቁ ጉራ ግን ይሄ ነበር፦ "እኔ ያነሳሁትን ፎቶ አይቶ መጋረጃ ነው የሚል ሰው ከተገኘ ካሜራዬን በልቼ እሞታለሁ።" ጨርቁን ወጥሬ አስረዋለሁ፣ ጥግ ጥጉ እንዳይታይ ጠጋ ብዬ አነሳለሁ፣ አሸዋው መሬት የሚነካበት ላይ እውነተኛ አፈር እበትናለሁ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀለሙም አያጋልጠኝም። አሁን ሳስበው አፌን በዚያን ጊዜ እግዜር ቢዘጋልኝ ኖሮ ከዚያ ሁሉ ጣጣ በዳንኩ።

ወልቂጤ ስመጣ የማርፈው ከከተማው ጫፍ ያለች አንዲት ባልቴት ቤት ነው። እትዬ ነው የምላት። ከቤቷ ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ ቀን ጨለማ ነው። ያንን ጓሮ በራሷ እጅ ነው ያቆመችው፤ ባሏ ሲሞት ግማሹም አልነበረም። እኛ አገር ሰው ስንት እንሰት አለው ነው የሚባለው፣ ማነው አይባልም። ከብቱ ይሞታል፣ ጤፉን ዝናብ ይመታዋል፣ እንሰት ግን ከቤቱ ጀርባ ቆሞ ለባለቤቱ ይመሰክርለታል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲላክ እንኳ ሽንት ልሽና ብሎ ወደ ጓሮ ዞር የሚለው ለሽንት አይደለም።

እትዬ አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ስድስተኛ ክፍል የደረሰች ናት፤ በኔ ሁለት እጥፍ ማለት ነው፣ ይሄንንም ቀን በቀን ትነግረኛለች። "የካሪቢያኑ" ነው የምትለኝ። "የካሪቢያኑ፣ ውሃ ቅዳልኝ፣ ባህር ለምደህ የለ!" አንድ ዓመት በመስቀል ጊዜ አንድ የጉንችሬ ወገን ልጅ አየች፤ አያት ብል ይሻላል መሰለኝ። መርካቶ ሱቅ ያለው፣ ለመስቀል አገሩ የገባ ልጅ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ምን እንዳወሩ አላውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ደብዳቤ ሲመላለስ ነበር። በመጨረሻ "ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ለአባቴ አሳይቼ ሽማግሌ ላስልክ" አለ።

በቃ፣ ሀገር ያወቀኝ ፎቶ አንሺ ቤታቸው ተከራይቻለሁ። መጋረጃዬን ግድግዳው ላይ ወጠርኩ።

እትዬ ከጓሮ መጣችና፣ "ለምን እንሰቱ ስር አታነሳትም?" አለችኝ።

"እትዬ ሙች፣ እንሰት ያላየ ጉራጌ አለ? ልጁ መርካቶ ነው ያለው። ባህር ይይ እንጂ!"

"ባህር ምን ይሰራለታል?"

"አንቺ ተይው" አለቻት ልጅቷም። "እስቲ አንዴ ከዚህ ጓሮ ወጥቼ ልታይ።"

እትዬ ተወችው። አነሳኋት። አጠብኩት። ሳወጣው እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ልጅቷ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ከጀርባዋ ውሃው ተኝቶ፣ ዛፎቹ ጎንበስ ብለው። ጨርቅ ነው ብላችሁ ብትምሉ አላምናችሁም። አዲሳባ ተላከ። ልጁም ደስ ብሎት ለአባቱ ላከው።

በሶስተኛው ሳምንት እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ ተብሎ ቤቱ ተጠረገ፣ ክትፎ ተዘጋጀ። የመጣው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ደጅ ላይ ቆመ። ግባ ሲባል አልገባም። ውሃ ሲሰጠው አልጠጣም። እትዬ ያኔ ነው ፊቷ የተለወጠው፤ መልካም ወሬ የያዘ ሰው ውሃ ይጠጣል።

"ልጅቷ መልካም ናት ብለዋል አባትየው" አለ ሰውየው ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። "ቤቱ ግን የእንሰት ቤት አይደለም። ሶስት እንሰት ቆጠርን። ሶስቱም ፍግ ያልቀመሱ ናቸው። ውሃ ደግሞ ደጃቸው ተኝቷል። ከእንደዚህ ያለ ቤት ልጅ አናመጣም ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል።"

እኔ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ እትዬን አየኋትና ሳቄ ወደመጣበት ተመለሰ።

ሰውየው ሲሄድ እትዬ በጆሮዬ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እኔ ጎልማሳ ነኝ፣ ካሜራ ያለኝ ሰው ነኝ፤ በጆሮዬ! ትልቁ እንሰት ስር አቆመችኝና "ቁጠር" አለችኝ። ቆጠርኩ። ሰላሳ ላይ ተምታታብኝ። "ድገም" አለችኝ። ደገምኩ። እንባዋ ይወርዳል፣ ድምጿ ግን አይንቀጠቀጥም።

"ይሄን ያቆምኩት በጀርባዬ ፍግ ተሸክሜ ነው። ሰው ሲቀብረኝ እንኳ 'የጓሮዋ ሴት' ይለኛል ብዬ ነው። አንተ ሶስት አደረግከው። ሶስት! እነሱንም የላጨሃቸው አንተ ነህ!"

"እትዬ፣ ኮኮናት ናቸው እኮ።"

"ኮኮናትህን አንሳና ሂድ! ያበላሸኸውን አስተካክል፤ አለዚያ እዚህ ደጅ እንዳላይህ።"

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ትቀልድብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አልቀለደችም።

"እሱ ደብዳቤ ጽፎልኛል" አለች። "አባቱን አልጥስም ነው የሚለው። ለመስቀል ሲመጣ ሌላ ልጅ ሊያጩለት ነው። እኔ ስድስት ዓመት ተምሬ ለአባቱ መጻፍ እችላለሁ፤ እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም። የሚያነቡት ያንን ፎቶ ብቻ ነው።"

መስቀል ሊደርስ አምስት ሳምንት ነበር። በማግስቱ መጋረጃውን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

የአገሬው ሰው አዋጥቶ ባስጠረገው መንገድ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ጭቃው እስከፈቀደ ድረስ ሄድኩ። ከዚያ በእግር ነው። አንድ ሰው የሚያክል ነጭ ጥቅል በትከሻዬ ተሸክሜያለሁ። መንገድ ላይ ሁለት ሴቶች አዩኝና አንዷ "ማነው የሞተው?" አለች። "ማንም አልሞተም፣ ደሴት ነው" አልኳት። "ነፍስ ይማር፣ ደሴት የማን ልጅ ነው?" አለችኝና እስከ ወንዙ እያለቀሱ ሸኙኝ።

የልጁ አባት ከጉንችሬ አለፍ ብሎ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ፊት ለፊት ያለው ጀፎረ፣ ያ ሣር የለበሰው ሰፊው የመንደር መንገድ፣ አውሮፕላን ያሳርፋል። ዛፍ ስር ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። አማርኛቸው አጭር ነው፣ የሚቆርጥ ግን ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ከኪሳቸው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ።

"ይሄን አንተ ነህ ያነሳኸው?"

"አዎን አባባ።"

"ጥሩ አንስተሃል። ሁሉ ይታያል።" በጣታቸው ዛፎቹን ነኩ። "ይሄ አንድ። ይሄ ሁለት። ይሄ ሶስት። እንሰት እንዲህ የሚሆነው ቅጠሉን ከስር እየላጩ ለከብት ሲሰጡት ነው። ከብቱን ለመመገብ እንሰቱን የገደለ ቤት! ደግሞ አዘንብሏል። ማንም ድጋፍ አላደረገለትም። ባልቴት ናት አሉኝ፣ ጎረቤት የላትም? ውሃውም ደጇ ገብቷል፣ ቦይ የሚቆፍርላት ጠፋ? እኔ ሀብት ፈልጌ አይደለም። ልጅ ከእናቷ ነው የምትማረው። ይሄን ያየች ልጅ የልጄን ቤት ታፈርሳለች።"

ሰውየው እውነታቸውን ነው። እኔ እንኳ ለልጄ ባስብ ይሄን ያህል አርቄ አላስብም ነበር።

"አባባ፣ ይሄ ጨርቅ ነው" አልኩ።

"የቱ?"

"ሁሉም። ውሃውም፣ እንሰቱም።"

ጥቅሉን ፈትቼ በሁለት ዛፎች መሃል ሰቀልኩት። የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ሰምተው መጡ። የሽማግሌው ሚስት፣ የልጁ እናት፣ ቀድማ ደርሳ ባህሩን በእጇ ዳበሰችው፣ ከዚያ ዛፎቹን። ከኋላ ዞራ አየች፤ ከኋላው አቡጀዴ ነው። ሳቋን መያዝ አቃታት። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አንዷ ቅርጫት የተሸከመችውን ሴት እያየች "ይቺም ምስኪን ባዶዋን ነው የምትመለሰው፣ እንሰት ሳይኖር ምን ትፍቅ?" አለች።

ሽማግሌው አልሳቁም። ፎቶውን በአንድ እጅ ይዘው፣ ጨርቁን ያያሉ፣ ፎቶውን ያያሉ። በሰው ፊት የተናገሩትን በሰው ፊት ሲስቁበት ማየት ቀላል አይደለም።

"እንሰቱ ጨርቅ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"አዎን አባባ።"

"ውሃው ጨርቅ ነው።"

"ጨርቅ ነው።"

"ታዲያ ልጅቷ ጨርቅ አለመሆኗን በምን አውቃለሁ?"

ጨርቁን ከዛፉ ልፈታ እጄን ስሰድ በዱላቸው አስቆሙኝ።

"አንተ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ 'የኔን ፎቶ ጨርቅ ነው የሚል የለም' ትላለህ አሉ። ልክ ነህ። እኔ አላልኩም። እኔ ያየሁትን አመንኩ፣ ባመንኩት ፈረድኩ። አጥፊው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?"

"እኔ ነኝ።"

"ጥፋት ካሳ አለው። አንደኛ፣ በገበያ ቀን ወልቂጤ ቆመህ ደሴቱ ጨርቅ መሆኑን፣ አንተም ሄደህ አለማወቅህን በአፍህ ትናገራለህ። ሁለተኛ፣ ልጅቷን በእናቷ ጓሮ ታነሳታለህ። ሚስቴ አብራህ ሄዳ በእጇ ትነካዋለች። እኔ በወረቀት ተሳስቼ ነው የተናገርኩት፤ የምመለሰውም በወረቀት ነው።"

የመጀመሪያው ካሳ ከሁለተኛው ከበደኝ። እንጀራዬ እኮ ነው። ያንን ደሴት ሄጄ አላውቅም ካልኩ ማን ይነሳበታል? ወደ ወልቂጤ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምናገር ሳስብ፣ ሴትዮዋ ደግሞ የመንገዱን ዳር እንሰት ሁሉ እያየች "ይሄ ጥሩ ነው፣ ይሄ ሰነፍ ነው፣ ይቺ ሴትዮ ባሏ ይመታታል መሰለኝ" እያለች ስትሄድ ነበር።

የገበያ ቀን መጋረጃዬን ሰቅዬ ድንጋይ ላይ ወጣሁ።

"የወልቂጤ ሰው ስሙኝ!" አልኩ። ተሰበሰበ። "ይሄ ደሴት ጨርቅ ነው። እኔ ሄጄ አላውቅም። ከአሰብ አልተሳፈርኩም። አሰብን አላውቀውም። ከዝዋይ ሐይቅ የበለጠ ውሃ በዓይኔ አላየሁም፤ እሱንም በሩቁ ነው።"

አንዲት ቅቤ ሻጭ ናት የጀመረችው።

"ይሄን ለመናገር ነው ከቅቤዬ ያስነሳኸኝ? እኔ ደግሞ አዋጅ መስሎኝ!"

"ጨርቅ መሆኑንማ" አለ አንድ ልብስ ሰፊ፣ "ባለፈው ነፋስ ሲነሳ ባህሩ ተገልብጦ ራስህ ላይ ሲጠመጠም አላየንም?"

"ጥጉን አይጥ በልታው የጣፍኩልህስ እኔ አይደለሁም?" አለች ሌላዋ።

"እንዴ! ታዲያ ካወቃችሁ ለምን ስትጠይቁኝ ትውላላችሁ?"

"አንተ ስትዋሽ ደስ ትላለህ" አለች ቅቤ ሻጯ። "እኛ ተነስተን ስንጨርስ ዛሬ ደግሞ ምን አለ ተባብለን ቤታችን እየሳቅን እንገባለን።"

ከድንጋዩ ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት የለም። አለማመናቸው አይደለም ያሳፈረኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አምነውኛል ብዬ ማመኔ ነው። ያም ሆኖ በዚያን ቀን አስራ አንድ ሰው ደሴቱ ላይ አነሳሁ።

ቀጥሎ ወደ ጓሮ ሄድን። እትዬና የልጁ እናት ተሳሳሙ፤ ትከሻ ለትከሻ ብዙ ጊዜ፣ ዓይን ለዓይን ግን አልተያዩም። እንግዳዋ ቁጭ በይ ስትባል አልቀመጥ ብላ በቀጥታ ወደ እንሰቱ ገባች። ግንዱን ልክ እንደ ላም ጎን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርገዋለች። አፈሩን ቆንጥራ አሸተተችው።

"ፍግ የሚሸከመው ማነው?" አለች።

"እኔም እሷም" አለች እትዬ ወደ ልጇ እያየች።

"ተማሪ ናት አይደል?"

"ከትምህርት ቤት መልስ።"

እንግዳዋ ወደ ልጅቷ ዞራ እጇን ያዘቻት፣ መዳፏን ገለበጠችው። ያ መዳፍ ምን እንዳለው እኔ አላየሁም፤ ፎቶ ውስጥ መዳፍ አይታይም። ሴትዮዋ ግን ነገሩን ጨርሳ ነበር። ወደኔ ዞራ "በል ለዚያ ሽማግሌ ወረቀቱን አንሳለት" አለች።

ልጅቷን መሃል አቆምኳት። ካሜራዬን ደገንኩ።

"አናቱ ይታያል?" አለች እትዬ።

"የማን አናት? የሷ?"

"የእንሰቱ!"

"እትዬ፣ እሱ ከገባ እሷ ታንሳለች።"

"ትነስ!"

ወደኋላ ሄድኩ። "ከወዲያ ያሉትስ?" አለች። አሁንም ወደኋላ። አጥሩ ጋ ደረስኩ። አጥሩን ከፍቼ ጎረቤት ጓሮ ገባሁ። እዚያ ሆኜ ልጅቷ በእንሰት ጫካ ውስጥ የተጣለች ነጭ ቁልፍ መስላ ትታየኛለች።

"እኔ ልቀመጥ እንዴ?" ብላ ጮኸች። "ካልፈለጋችሁኝ ቤት ልግባ!"

"ቁሚ!" አሉ ሁለቱ እናቶች በአንድ አፍ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያይተው የሳቁት።

ወረቀቱን ይዤ ጉንችሬ ተመለስኩ። ሽማግሌው የመንደሩን ሰው ሰብስበው ጠበቁኝ። ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በሣር ሰንበሌጥ እየነኩ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ሰው ሁሉ አብሯቸው ይቆጥራል። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ከዚህ ወዲያ ያለው ጭጋግ ነው ወይስ እንሰት?"

"እንሰት ነው አባባ።"

"ማል።"

"ጨርቅ ያድርገኝ!"

ሚስታቸውን አዩ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሰንበሌጡን መሃል ላይ አሳረፉ።

"ይቺ ነጭ ነገር ምንድናት?"

"ልጅቷ ናት።"

"ቆማለች ወይስ ተቀምጣለች?"

"ቆማለች።"

"ጥሩ። ቆማም ይሄን ያህል ካነሰች እንሰቱ ትልቅ ነው።" ቀና ብለው ሰዉን አዩ። "የተናገርኩትን አንስቻለሁ። የእንሰት ቤት ነው። ሽማግሌዎች እሁድ ይሂዱ።"

በዚህ ጊዜ የመጡት ሽማግሌዎች ውሃም ጠጡ፣ ክትፎም በሉ፤ አንዳቸው ብቻ ሽንት ልሽና ብለው ወደ ጓሮ ዞር አሉ። እትዬ "ቀስ ብለው አባቴ፣ ጊዜ አለ" አለቻቸው።

ልጁ ለመስቀል መጣ። ሰርጉ ጥር ላይ ሆነ። የእንሰቱን ፎቶ አባቱ ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል፤ ልጁ መርካቶ ሱቁ ውስጥ የሰቀለው ግን የደሴቱን ነው። "ባህር ዳር ያየኋት ልጅ ናት" እያለ ለደንበኛ ሁሉ ያወራል አሉ። እኔ ያስተማርኩት ነገር የለም፤ በራሱ ነው የበሰለው። ልጅቷም ከሰርጉ በፊት ጆሮዬን፣ ያንን እናቷ የያዘችውን፣ ቆንጠጥ አድርጋ "የካሪቢያኑ፣ ተምረሃል። አሁን አራተኛ ክፍል ነህ" አለችኝ።

በሰርጉ ማግስት፣ ጉንችሬ፣ መጋረጃዬን ጠቅልዬ ልሄድ ስል ሽማግሌው በዱላቸው ምልክት ሰጡኝ። ከቤቱ ጎን ሰው የማያይበት ቦታ ወሰዱኝ። ሚስታቸው አዲስ ልብስ ለብሳ እዚያ ቆማለች።

"ስቀለው" አሉ።

"ምኑን አባባ?"

"ደሴትህን።"

ሰቀልኩት። ሁለቱም ባህሩ ፊት ቆሙ። እሷ ቀስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እሳቸው ዞር ብለው የመጀመሪያውን ዛፍ ግንድ በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ተመለሱ። ጥቁሩ እጅጌ ውስጥ እጄን ሳስገባ፣

"ቆይ" አሉ።

"ምነው አባባ?"

"ይሄን ፎቶ ለእኛ ለሁለታችን ብቻ ስጠን። ገበያ እንዳታሳየው። አዲሳባም እንዳትልከው።" ወደ ሶስቱ ዛፎች በዱላቸው አመለከቱ። "ልጃቸውን ድረው ሶስት እንሰት ቀራቸው ይሉኛል።"